የደንበኛ ቀሚስ

«እትዬ፣ በቪዲዮ ሲደውል እጁን ፊቱ ላይ እንዲያሳልፍ ንገሪው» ትላለች የልብስ ተኳሿ ታናሽ እህት፣ ያልታጠበ አንሶላ የታጨቀበት ጆንያ ላይ ተቀምጣ። «በኮምፒዩተር የተሠራ የውሸት ፊት ከሆነ እጁ ሲያልፍበት ይዘበራረቃል። ከዚያ ወደ ጎን ይዙር። መዞር ካልወደደ ያው ውሸታም ነው፣ በቃ።»

ልብስ ተኳሿ ይህን ምክር ከጠዋት ጀምራ ስትሰማው ውላለች። የሸሚዙን ኮሌታ ትተኩሳለች፣ ገልብጣ ደግማ ትተኩሳለች፤ ኮሌታው ዛሬ አልቀና ብሏታል። ስልኩ ከውሃ መርጫው ጠርሙስ ጋር ተደግፎ ቆሟል።

ሰውየው ሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ነኝ ይላል ማለት ይሻላል። በሰው አገር ነው የሚኖረው፤ በየሕንፃው ሊፍት ሲቆም ይጠሩታል። እህቷ ስም አውጥታለታለች፣ ሊፍቱ ትለዋለች። ሲጽፍ «ሊፍቱ መጣ»፣ ሲጠፋ «ሊፍቱ ዛሬም ተበላሸ» ማለት ነው ሥራዋ። ግን ከቀልዱ ሥር ፍርሃት አለ። ከሱ በፊት የነበረው መርከበኛ ዓመት ሙሉ «የኔ ንግሥት» ሲላት ከርሞ፣ የላኩልሽ ስጦታ ጉምሩክ ተያዘ ብሎ ያጠራቀመችውን ሙልጭ አድርጎ ወስዷል። ፎቶውም የሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ፤ ባለትዳር፣ የልጆች አባት፣ እሷ በዚህ ዓለም መኖሯን እንኳ የማያውቅ። ለገንዘቡ አንድ ሰሞን አልቅሳ ወጣላት። ያን ፊት ግን ስንት ሌሊት ደህና እደር ብላዋለች፤ እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚያሳፍራት።

ሊፍቱ እስካሁን ሳንቲም አልጠየቀም። የጠየቀው በመጪው ወር መጥቶ ሊያገባት ነው። ቪዲዮ ሲባል ግን ሰበብ አያጣም፤ ካሜራው ተሰብሯል፣ ምድር ቤት ነኝ፣ መስመር የለም። ዛሬ በምሳ ሰዓቱ እሺ ብሏል። እሷም ለእህቷ ቁርጡን ነግራታለች፤ ይኼም ውሸት ከሆነ ሁሉንም ከስልኳ አጥፍታ፣ ባል የሚባል ነገር ዳግም ላታነሳ። ይህን ያለችው ተናዳ አይደለም። ደክሟታል። ሰው መጠርጠርም እንደማንኛውም ሥራ ያደክማል፣ ደሞዝ የለውም እንጂ።

ስልኩ ይጠራል።

ምስሉ ሲቆራረጥ ቆይቶ ይረጋል። ሰውየው ሰማያዊ ቱታ ለብሷል። ፎቶው ላይ ከነበረው አርጅቷል፣ ፀጉሩም ወደ ኋላ ሸሽቷል። እህቷ ካሜራው በማያያት በኩል አንገቷን አስግጋ፣ በይው እንጂ ለማለት እጇን ፊቷ ፊት ታወዛውዛለች።

እሷ አፏን ከመክፈቷ በፊት ሰውየው ይቀድማታል።

«አንድ ነገር ላስቸግርሽ» ይላል፣ ዓይኑን ሰበር አድርጎ። «እጅሽን ፊትሽ ላይ አሳልፊልኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ። የወንድሜ ልጅ ነች እንዲህ በላት ያለችኝ።»

የእህቷ እጅ አየር ላይ ይቀራል። ልብስ ተኳሿ ሳቅ ይቃጣታል። እሷ እዚህ ሌባ ይሆን እያለች ስትብሰለሰል፣ እዚያ ማዶም ሌባ ትሆን ሲሏት ከርመዋል። ካውያውን አቁማ፣ የቃጠሎ ጠባሳ የበዛበትን እጇን ከግንባሯ እስከ አገጯ ታሳልፋለች።

«ተመስገን» ይላል፤ ፊቱ ግን አልተፈታም። «ቪዲዮውን ስሸሽ የነበረው ፈርቼ ነው። ከዚህ በፊት አንዷ ጉድ ሠርታኛለች። አንቺ ደግሞ ልብስ ተኳሽ ነኝ ትያለሽ፤ በየፎቶው የምትለብሺው ግን ሌላ ቀሚስ ነው። አንድም ቀን የደገምሽው የለም። የወንድሜ ልጅ፣ ይቺ አንድ ሴት አይደለችም፣ ከየቦታው የተለቃቀመ ፎቶ ነው ትለኛለች። እኔስ ምን ልበላት?»

ባለፈው ሳምንት ለብሳው ፎቶ የተነሳችው ወይን ጠጅ ቀሚስ፣ የደንበኛዋ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ደረቱ ላይ እንደተለጠፈ ከኋላዋ ተሰቅሏል። ተኩሳ ስትጨርስ በሩን ዘግታ ትለብሳለች፣ ፎቶ ትነሳለች፣ አውልቃ እንደገና ትተኩሳለች። እህቷ እንኳ አታውቅም። አሁን ግን ቀሚሱን ታያለች፣ እሷን ታያለች፣ አፏን በእጇ ትይዛለች።

ከዘመድ ነው የምዋሰው ማለት ትችላለች። ያምናታልም ይሆናል። ዛሬ ግን ውሸት የምትሸከምበት ጉልበት የላትም።

«የኔ አይደሉም» ትላለች። «አንዱም የኔ አይደለም፣ የደንበኛ ነው። ለብሼ አወልቅና መልሼ እተኩሰዋለሁ። በሥራ ልብሴ ብታየኝ ደግመህ የምትጽፍልኝ አልመሰለኝም።»

መስመሩ የተቋረጠ ይመስላታል፤ ግን ከኋላው ሰው ሲያልፍ ታያለች።

«ያንቺ የሆነውን ልበሺና ልይሽ» ይላል በመጨረሻ።

ከበሩ ጀርባ ምስማሩ ላይ የተንጠለጠለ ግራጫ ሹራቧን ታወርዳለች። ክርኑ ሳስቷል፣ የታችኛው ቁልፍ ወልቆ በሌላ ቀለም ተተክቷል። ቀኑን ሙሉ የሰው ልብስ ስትተኩስ ትውላለች እንጂ የራሷን ተኩሳ አታውቅም። ትለብሰዋለች። ቁመቷ ሁሉ እንዲታይ ጀርባዋ የተሰቀሉትን ልብሶች እስኪነካ ወደ ኋላ ትሄዳለች። ቁልፎቹን ከላይ ጀምራ አንድ በአንድ ትቆልፋለች፣ አቀርቅራ። ፊቱን ማየት ፈርታለች።

«እትዬ፣ እይው» ትላለች እህቷ በሹክሹክታ።

ቀና ትላለች። ሊፍት ጠጋኙ ግራሶ የነካው መዳፉን ግንባሩ ላይ ያሳርፍና፣ ሲለፋ እንደዋለ ሰው ፊቱን ቀስ ብሎ ወደ ታች ይጠርጋል፤ ዓይኑን፣ አፍንጫውን፣ አፉን። እጁ ሲወርድ ከሥሩ ያው ፊት ነው፤ የደከመ፣ ግራሶ የቀባው፣ እሷን የሚያይ።