ሰሌን የምታህል አረንጓዴ

የአፈርን ጨዋማነት በሚያሳየው የጨው ካርታ ላይ የቀላ ማሳ የመስኖ ውሃ ይቋረጥበታል፤ ለቤተሰቡ የሚደርሰው በሰው ልክ የተመጠነ የመጠጥ ውሃ ብቻ ነው። በአራተኛው ዓመትም አንድ አረንጓዴ ቦታ ካልተገኘበት ቤተሰቡ ከቦታው ይነሳል። በአዋሽ ዳርቻ የሚኖሩት የሁመድና የሞሚና ማሳ ሦስት ዓመት ቀልቶ ኖሯል። ካርታውን የምትሠራው ልጃቸው ሉባባ ክፉውን ወሬ ከሌላ አፍ እንዳይሰሙት ብላ ራሷ መጣች።

«አባ፣ ዘንድሮም ቀይ ነው የሚለው።»

«የእኔን መሬት ለክታችሁታል?»

«ከጎረቤቶችህ ማሳ ተነስተን ነው የገመትነው።»

«አባትሽን በጎረቤት ታውቂዋለሽ እንዴ!» ብሎ ሳቀ።

ሉባባም ሳቀችና የጨው መለኪያዋን በማሳው ላይ ሦስት ቦታ ተከለችው። ሁሉም ቀይ ሆነ። ተስፋ ቆርጣ በራፉ ላይ፣ እናቷ ከምትቀመጥበት መደብ ሥር ስትተክለው ግን አረንጓዴ በራ።

«እዚህ ምን አድርጋችሁ ነው?»

«ጉልበቴን ካመመኝ ወዲህ ፀሐይ ሲበርድ አባትሽ እግሬን የሚያጥበኝ እዚያ ነው» አለች ሞሚና።

«በየትኛው ውሃ?»

ሉባባ የአባቷን የደረቀ ከንፈር አየች። ሞሚናም ገባት።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ‹አልጠማኝም› ስትለኝ የኖርከው ለዚህ ነው?»

«አንቺ ደግሞ! ትንሽ ውሃ ናት» አለ ሁመድ አቀርቅሮ።

በየቀኑ የፈሰሰው የመጠጥ ውሃ የአፈሩን ጨው አጥቦት ነበር፤ ሉባባ ልኬቱን መዘገበች። ካርታው ላይ በቀዩ መሀል ሰሌን የምታህል አረንጓዴ ወጣች። «ለዚህች ያህል የመስኖ ውሃ ይለቀቃል፤ ከዚህም አትነሱም» አለቻቸው።

«ምን እንዝራባት?» ብሎ ሁመድ ሚስቱን ጠየቃት።

ሞሚና የራሷን የውሃ ድርሻ በጣሳ ሞልታ ሰጠችውና፣ በዚያ ጉልበቷ፣ ጠጥቶ እስኪጨርስ ድረስ ፊቱ ቆመች።