ባለቤቱ ብቻ የሚቆርጠው መረብ

ምሻሙ ሞተሩን አጥፍቶ ቢላውን ከመቀመጫው ሥር መዘዘና ቆመ። ከጀልባዋ አሥር ክንድ ርቆ አንድ የዓሣ ነባሪ ግልገል መረብ ውስጥ ገብቶ ይንፈራገጣል። እናቱ ከሥሩ ገብታ በጀርባዋ ወደ ላይ ትገፋዋለች። ብቅ ብሎ አንዴ ይተነፍሳል፤ መረቡ መልሶ ያሰምጠዋል።

ዓሣ ነባሪ ሊያዩ የመጡት ሰባት እንግዶች ባንድ ጎን ስለተሰበሰቡ ጀልባዋ አዘመመች። ተመለሱ ብሎ ጮኸባቸው። ከናይሮቢ የመጣች አንዲት መምህርት፣ ቢላ ይዘህ ለምን ትቆማለህ አለችው።  በኬንያዋ ዋሲኒ ደሴት የሰው መረብ በቢላ የነካ ሠርግ አይጠራም፤ ሲሞትም ሬሳውን የሚሸከምለት የለም። መረብ የሚቆርጠው ባለቤቱ ብቻ ነው። የዚህኛው ባለቤት ደግሞ ታናሽ ወንድሙ ናሶሮ ነው።

ናሶሮ ከማዶ በታንኳ እየቀዘፈ ይመጣል። አይቸኩልም። ምሻሙ ጥርሱን ነከሰ። የደቡብ ንፋስ ሲነሣ ዓሣ ነባሪዎች በዚህ በኩል እንደሚያልፉ ሕፃን እንኳ ያውቃል። እዚህ አትዘርጋ ብሎ ሦስት ጊዜ ነግሮታል፤ አንዱን ጊዜ መስጊድ ደጃፍ ላይ፣ ሽማግሌዎች እየሰሙ።

ታንኳዋ ደረሰች።

«ቁረጠው» አለ ምሻሙ።

ናሶሮ መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋደመ። «ሰላምታ የለም እንዴ፣ ካፒቴን?»

«ቁረጠው አልኩህ። እየሞተ ነው።»

«አያለሁ። ስድስት ቤት በዚህ መረብ ይበላል፤ እሱንም አያለሁ። ቢላው ያለው ባንተ እጅ አይደል? ቁረጠውና ለሰዎችህ አሳያቸው።»

«አንተ ደንቆሮ፣ እዚህ አትዘርጋ አላልኩህም?»

«ብለኸኛል። የት እንደምዘረጋ ግን አልነገርከኝም። ዓሣ ያለበትን ሁሉ የእንግዳ መዋኛ ነው ብላችሁ ዘጋችሁት። የመዝጊያው ወረቀት ላይ ማነው የፈረመው፣ ወንድም ጋሼ?»

የፈረመው ምሻሙ ነው።  ግልገሉ ዳግመኛ ብቅ አለ። የአሁኑ ትንፋሹ አጭር ነበር። እናቲቱ በጅራቷ ውሃውን ስትመታው ፍንጣቂው የሁለቱንም ፊት አራሰ። ምሻሙ ቢላውን በእጀታው በኩል ለወንድሙ ዘረጋለት። 

ናሶሮ ቢላውን አየው እንጂ አልተቀበለውም። የራሱን ከወገቡ መዘዘ። ወደ መረቡ ቀዝፎ ጎንበስ አለና መጀመሪያ የላይኛውን ገመድ፣ ከዚያ የታችኛውን፣ በመጨረሻም መሐሉን ተለተለው። በቆረጠ ቁጥር ይሳደባል፤ ዓሣ ነባሪዋን፣ ወንድሙን፣ ባሕሩን። ግልገሉ ጎኑን አራገፈና ወጣ። እናቱ ከሥሩ ገባችለት፤ አብረው ሰመጡ።

እንግዶቹ አጨበጨቡ። አንዱ አፏጨ።

«እጃችሁን ሰብስቡ» አለ ምሻሙ። አልሰሙትም። መቀመጫውን በቡጢ መታው። ያን ጊዜ ጭብጨባው ቆመ።

መምህርቲቱ ቀስ ብላ ወደ ምሥራቅ ጠቆመች። እናትና ልጅ ርቀው ወጥተው ይተነፍሳሉ። ሁሉም ወደዚያ ዞረ። ምሻሙ አልዞረም። ዓይኑ ወንድሙ ላይ ነበር።

ናሶሮ ታንኳዋ ውስጥ ቁጭ ብሏል። የተቆረጠውን መረብ አንዱን ጫፍ በግራ፣ ሌላውን በቀኝ እጁ ይዞ እንዲገናኙ ይስባል። ጫፎቹ አልደረሱለትም።