ስምንት ጊጋ

«ጽሕፈቴ አያምርም አያ ሸሪፍ፤ ፊደልም እሳሳታለሁ። ይቅር ይበሉኝ» አለች ጦይባ፣ ስሟን የጻፈችበትን ብጣሽ ወረቀት በሁለት እጇ እየሰጠች።

«ምን ችግር አለው፤ ኮምፒውተሩ አሳምሮ ይጽፈዋል» አላት ሸሪፍ።

አራዳ ያለችው የሸሪፍ ሱቅ ፎቶ ኮፒ ታነሣለች፤ ሰነድ ትልካለች። ጦይባን ከሩቅ፣ ከመካነ ብርሃን ይዟት የመጣው ደላላው ሱሀይብ ነው። ባሕር ማዶ ቤት ሠራተኛ ሆና ልትሄድ ነው። ቀጣሪዎቹ ሰነድ በኢሜይል አይቀበሉም። ፋይል ቆልፎ የሚያስተላልፍ ፕሮግራም አላቸው፤ መጀመሪያ እሱ መጫን አለበት። እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ካልተላከ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

ሱሀይብ አንዴ ይቀመጣል፣ አንዴ ይነሣል፣ ሰዓቱን ያያል።

የሱቁ ቴክኒሻን ጃቢር ፕሮግራሙ የሚጠይቀውን ጮክ ብሎ አነበበ። «ዊንዶውስ ዐሥር፣ አለን። ባዶ ቦታ ሃያ ጊጋ፣ አለን። ራም ስምንት ጊጋ...» የኮምፒውተሩን ክዳን ከፈተ። ጣት የሚያካክሉ ሁለት አረንጓዴ የራም ሰሌዳዎች ጎን ለጎን ተሰክተዋል። «ይኸው፣ አራትና አራት። አንዷ ብትጎድል አለቀልን!»

ጦይባ አንገቷን አሰገገች። «ሄደ እንዴ?»

«ገና መች ተጫነና እቴ!» ሳቀ ጃቢር። «ምነው ቸኮልሽ? እዚያ ስትደርሺ ለኛም ሽቶ ትልኪያለሽ?»

«ትልካለች፣ ትልካለች፤ አንተ ብቻ ፍጠን» አለ ሱሀይብ።

ይሄኔ መብራት ሄደ። ጃቢር እየተራገመ ጄኔሬተሩን ሊያስነሣ ወደ ጓሮ ሮጠ። ሱሀይብ ስልኩን ይዞ ወጣ። ሸሪፍም የሰፈሩ ሁሉ መብራት ጠፍቶ እንደሆነ ሊያይ በር ላይ ቆመ።

ጄኔሬተሩ ሲነሣ ጃቢር በጥድፊያ ክዳኑን ገጥሞ ኮምፒውተሩን አበራ። ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ወጣ፦ ራም አራት ጊጋ፤ መጫን አይቻልም።

ደገመው። ያው ነው። ክዳኑን ሲያነሣ አንደኛው ሰሌዳ የለም።

ሸሪፍ ትዝ አለው። ጃቢር የቤቱ ኮምፒውተር እየተንቀራፈፈ እንዳስቸገረው፣ ባለ አራት ጊጋ ራም ቢያገኝ እንደሚገላገል ባለፈው ሳምንት ሲያወራ ነበር።

«የነካኸው አንተ ብቻ ነህ» አለው።

«ወላሂ አያ ሸሪፍ...»

«በአላህ አትማል! ኪስህን አሳየኝ።»

ሱሀይብ ከውጭ ገብቶ ነገሩን ሲሰማ ጮኸ። «የዚችን ምስኪን እንጀራ ልትዘጋ? አንተ ልብ የለህም?»

ጃቢር እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ድንገት ዐይኑ ጦይባ ላይ አረፈ። ወንበሩ ላይ ተኮራምታ፣ አንድ እጇን ጨብጣ ታለቅሳለች፤ እግሯ መሬት አልደረሰም። ጃቢር እጁን ባዶውን አወጣ።

«አላሳይም» አለ።

«እንግዲያው የሱቁን ቁልፍ አስቀምጥና ውጣ። ዳግም እዚች ደጃፍ እንዳላይህ!»

ጃቢር ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወጣ።

ጄኔሬተር ያለው ሌላ ሱቅ ስለሌለ ሱሀይብ ራም ፍለጋ ጎረቤት ሱቆችን አዳረሰ። ያገኘው ሁሉ የአዲስ ኮምፒውተር ነው፤ ለዚህ አሮጌ አይገባም። ላቡን እየጠረገ ሲመለስ ዐሥራ አንድ ሰዓት ዐልፏል። ስልኩ ጮኸ። ቦታው ለሌላ ተሰጠ። በር ላይ ቆሞ ይለማመጥ ጀመር።

ሸሪፍ አፍሮ ወደ ጦይባ ዞረ። «አይዞሽ እቴ። ያ ሌባ ነው ጉድ የሠራሽ።»

«ሌባ አይደለም፤ ወደ ሥራው ይመልሱት» አለች ጦይባ። ዕንባዋ ደርቋል። ወደ በሩ አየችና ተጠግታ ጭብጧን ፈታችለት፤ ሰሌዳዋ መዳፏ ላይ ነበረች።

«ፓስፖርቱ ሃያ አምስት ይላል እንጂ፣ አያ ሸሪፍ፣ እኔ ገና ዐሥራ አራት ዓመቴ ነው።»