አንዴ ውረዱልኝ

«እማ፣ አንዴ ውረዱልኝ» አለ ኤፊ፣ መኪናዋን ዶሶው፣ የፍጥነት መቀነሻው ጉብታ፣ ጫፍ ላይ አቁሞ።

«ማን ነው የሚወርደው?» አልኩት ከኋላ ወንበር።

«ሁለታችሁም። ክብደት ሲቀንስ ትንሽ ከፍ ትላለች። ጉብታውን ላሻግራትና ትገባላችሁ።»

ከእሱ ጎን እትዬ ለምለም ክራንቾቻቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ዳሌያቸውን ኦፕራሲዮን ሆነው ከሆስፒታል መውጣታቸው ነው። ሐኪሙ ሲያሰናብተን ደጋግሞ የነገረን አንድ ነገር ነበር፤ ዝቅ ያለ ነገር ላይ እንዳይቀመጡ።

መኪናዋ የእኔ ናት። የማጸዳቸው ቤቶች እየተራራቁ አውቶቡስ ስላስመረረኝ የገዛኋት። ኤፊ «ሰርቪስ ላስገባት» ብሎ ወስዷት ሰንብቶ፣ ዛሬ ሆስፒታሉ በር ላይ ይዟት ሲመጣ አላወቅኋትም። ሞላዎቿን አስነቅሎ፣ በመፍቻ እየዞረ እንደፈለጉ የሚያወርዳት ሌላ አስገጥሞላታል። ጎማዎቿ እስከ ግማሽ ድረስ ሰውነቷ ውስጥ ገብተዋል። ከፊቷ ሥር ደግሞ መሬት ሊልስ የደረሰ ጥቁር ፕላስቲክ ተለጥፎባታል።

«አሴቶ ነው፣ እማ። እንዲህ ዝቅ ስትል አታምርም?» አለኝ።

በሽተኛ አቁሜ ምን ልከራከር። ብርድ ልብስ አጣጥፌ አነጠፍኩና እትዬ ለምለምን በብብታቸው ይዤ አስገባኋቸው። ሲቀመጡ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

የሮማ መንገድ መቼም ጉድጓዱ አያልቅም። በየጉድጓዱ እትዬ ለምለም የበሩን እጀታ ጭምቅ ያደርጋሉ፤ ኤፊም «አይይ» ይላል። መጀመሪያ ላይ ለእሳቸው አዝኖ መስሎኝ ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሮማኒና ደርሰን፣ የእትዬ ለምለም ሰፈር ልንገባ ስንል ነው ዶሶው የገጠመን። በሰያፍ ሞከረው። ከሥር የሚፋጭ ድምፅ ሲወጣ፣ እሳት እንደነካው ሰው ደንግጦ ወደ ኋላ መለሳት። ከዚያ ነው ውረዱልኝ ያለው።

«ቁስላቸው እኮ ገና አልደረቀም» አልኩት።

«ዶክተሩ ይራመዱ ብሏል አይደል? አሎራ፣ በቃ፣ ሁለት እርምጃ ነው። ኖና ይችላሉ።»

«እወርዳለሁ፣ አትጨቃጨቁ» አሉ እትዬ ለምለም። እጃቸው በሩን መፈለግ ጀምሯል።

ይህን ልጅ ያሳደጉልኝ እሳቸው ናቸው፤ ኖና፣ አያቴ፣ የሚላቸውም ለዚህ ነው። እኔ ሰው ቤት አዳሪ ሆኜ ስሠራ፣ ያኔ ፖንቴ ማሞሎ ሰፈር ይኖሩ ነበር፣ ቀን ሌላ ሰው እያስታመሙ ማታ እሱን ይይዙልኝ ነበር። ሊፍቱ በተበላሸ ቁጥር አዝለውት እስከ ላይኛው ፎቅ ይወጡ ነበር። ትልቅ ልጅ ሆኖም፣ እግሬን አመመኝ ካለ ያዝሉታል። አንድም ቀን ከበደኝ ሲሉ አልሰማሁም።

ኤፊ ወርዶ በእትዬ ለምለም በኩል መኪናዋ ፊት ጥግ ላይ ተንበረከከ፤ በመስኮቱ አንገቴን አውጥቼ አየሁት። ጉንጩን አስፋልቱ ላይ አስተኝቶ ከሥሯ አየ። ከዚያ አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ፣ የተጫረውን ፕላስቲክ ያሸው ጀመር። ያሻል፣ ራቅ ብሎ ያያል፣ እንደገና እንትፍ ይልበታል። እትዬ ለምለም በሩን ከፍተው፣ የታመመውን እግራቸውን በሁለት እጃቸው አንስተው ወደ ውጭ ለማውጣት ሲታገሉ እሱ ሁለት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። ቀና ብሎ አላያቸውም።

ከኋላችን አንዱ ክላክስ ነፋ። ልጄ ብዙ አጥፍቶ ያውቃል። ተናድጄበታለሁ፣ አልቅሼበታለሁ። ተጠይፌው ግን አላውቅም። ያን በምራቅ የራሰ ጣት ሳይ ተጠየፍኩት። አሁን መጥቶ ቢነካኝ የምታጠብ መሰለኝ።

«እማ፣ ዳይ፣ ውረጂ እንጂ» አለኝ ከተንበረከከበት። «ማታ ራዱኖ አለን። እንደሷ የወረዱ መኪኖች ሁሉ ይመጣሉ። ተጭራ ይዣት ልሄድ ነው?»

ወረድኩ።

«ግራትሲዬ» አለ ደስ ብሎት።

ዞሬ ሄጄ የእትዬ ለምለምን እግር ቀስ ብዬ ወደ ውስጥ መለስኩት። ቀሚሳቸውን ሰበሰብኩላቸውና በሩን ዘጋሁ። ከዚያ በሌላው ጎን ገብቼ መሪው ጋ ተቀመጥኩ። የተንጋለለውን ወንበር አቃናሁ።

ኤፊ ተነሥቶ ቆመ። «ምን እያደረግሽ ነው?»

«ወደ ዳር ውጣ።»

«እማ፣ ኖ። ፓራውርቲው፣ የፊቷ ፕላስቲክ ይሰበራል።»

«እትዬ ለምለም፣ እጀታውን ይያዙ» አልኩ። «ቀስ ብዬ ነው የምሄደው።»

«ልጁ ይከፋዋል፣ የሻረግ። እኔ ብወርድ ይሻላል።»

«አይወርዱም።»

ኤፊ ፊቴን አይቶ ወደ ዳር ሸሸ። ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጌ ለቀቅኩት። መጀመሪያ ከሥራችን ፍጭት ተሰማ፤ ቀጥሎ አንድ ነገር ቀጭ ብሎ ተሰበረ። አላቆምኩም። የፊት ጎማዎቿ ወጡ፣ ወረዱ። ሆዷ ድንጋይ ላይ እንደሚጎተት ብረት ድስት እየጮኸ ተሳበ፤ የኋላዎቹም ተከተሉ። እትዬ ለምለም ይዘውት የነበረውን ትንፋሽ ለቀቁት።

«አመመዎት?»

«ደህና ነኝ። ልጁስ?»

«በእግሩ ይመጣል።»

በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ። ሲነፋብን የነበረው መኪና ኤፊን ዞሮት እያለፈ ነበር። እሱ መንገዱ መሃል ቆሞ፣ የተገነጠለውን ጥቁር ፕላስቲክ ደረቱ ላይ አስደግፎ፣ በካናቴራው ጫፍ አቧራውን ይጠርግለታል።