ቀንዳሙና ጥላ ለባሿ

ፋንታነሽ ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም። ለእናቷም፣ ለንስሐ አባቷም፣ ሊያገባት ለፈለገው ለአንሙትም አልነገረችም። ደብረ ማርቆስ ኬሚስትሪ የምታስተምር፣ ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት፤ ማታ ማታ በሯን ዘግታ በካርታ ትጫወታለች።

ካርታው የቁማር አይደለም። ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል አብራት የኖረችው ሶልያና ስትመረቅ ትታላት የሄደችው፣ ልዩ ኃይል ያላቸው ጀግኖች የተሳሉበት ነው። ሁለት ካርታ ሳይታይ ይመዘዛል፤ የወጡት ጀግኖች ተጣምረው የመጣውን መዓት መመከት አለባቸው። የጨዋታው ሕግ የሚያየው ማን ስንት ነጥብ እንዳለው ብቻ ነው። ፋንታነሽን የሚያስጨንቃት ሌላ ነበር፤ እነዚህ ሁለቱ የት ተገናኙ? ምን ተባብለው ተስማሙ?

በዚያ ክረምት የማይገጥሙ ወጡላት። አንዱ ቀንዳሙ ነው፤ ጉልበቱ ተራራ የሚንድ፣ ጨለማ ግን የሚፈራ። ሌላዋ ጥላ ለባሿ ናት፤ ብርሃን ሲነካት ኃይሏ የሚከዳት ሌባ። እሱ ፋኖስ ካልበራ አይንቀሳቀስም፤ እሷ ፋኖስ ከበራ ለምንም አትሆንም። ፋንታነሽ በምትፈጥረው ታሪክ ጮቄ ተራራ ላይ፣ ጉም ውስጥ አገናኘቻቸው። ወደ ሮብ ገበያ በሚሄድ ሚኒባስ ስታሳፍራቸው ረዳቱ፣ «ጋሼ፣ ቀንድዎን ወደ ውስጥ ያስገቡልኝ፤ ከፊት ትራፊክ አለ» አለ። ለቀንዳሙ ድምጿን ታወፍራለች፤ ለጥላ ለባሿ ታሾከሹካለች። አንዳንዴ ሳቋ ሲያመልጣት አፏን በነጠላዋ ታፍነዋለች።

የተከራየችውን ክፍል ከአከራይዋ ከእማማ ወለተ ጊዮርጊስ ክፍል የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። እሱም ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ያበቃል፤ ከዚያ በላይ ክፍት ስለሆነ የአንዱ ሳል ለሌላው ይሰማል።

እማማ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጾም የማይሽሩ ሴት ናቸው። በዚያ ክረምት ጠባያቸው ተለወጠ። ፋንታነሽ ከሥራ ስትገባ ሬዲዮናቸውን ያጠፋሉ። አልጋቸውን «ብርዱ ጠናብኝ» ብለው ከመስኮቱ ሥር አንስተው ወደ እሷ ግድግዳ አስጠጉት። የማይቀሩበትን የሠርክ ጉባኤ ተዉ። መብራት በጠፋ ቁጥር ሻማ ይዘው በሯን ያንኳኳሉ፤ ሲሰጧት ዓይናቸው በትከሻዋ አልፎ ወደ ውስጥ ያማትራል።

«ትናንት በጊዜ ተኛሽሳ» አሏት አንድ ቀን ጠዋት። «ምነው፣ አመመሽ?»

«ደክሞኝ ነው እማማ።»

«እህ። ዝም ስትይብኝ ጊዜ ነው እንጂ።»

ፋንታነሽ ፊቷ በሐፍረት ጋለ። ወፍራሙን ድምፅ ሰምተዋል፤ ወንድ ታስገባለች ብለው እየጠበቁኝ ነው አለች በልቧ። ካርታውን አውጥታ እንዳታሳያቸው ደግሞ ባለቀንዱን ስዕል ሲያዩ የሚሉት ታሰባት።

ለአንሙት መንገር ይቀል ነበር። አንሙት አምበር ከተማ የሚሠራ የመስኖ ባለሙያ ነው፤ ሳቂታና ቅን። አንድ ቀን ግን ሻይ ቤት ተቀምጠው፣ ስልኩ ላይ ጌም የሚጫወት ጎልማሳ አይቶ፣ «ለዚህስ ጡጦ ይምጣለት» አለ። እሷም አብራው ሳቀች።

«አንቺስ ማታ ማታ ምን ትሠሪያለሽ?» ሲላት፣

«ፈተና አርማለሁ» አለችው።

ሽማግሌ ከመላኩ በፊት አክስቱ ስለ ልጅቱ ጠባይ አከራይዋን ሊጠይቁ መጡ፤ ወግ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ፋንታነሽ ትንፋሿን ውጣ ግድግዳው ሥር ቆመች።

«ልጅቱ እንዴት ናት? አደራዎን፣ እንዳይደብቁኝ።»

እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ጠላ ቀዱላቸው። «እኔ በሰው ልጅ ክፉ መናገር አልወድም» አሉ። «ብቻ ልጅዎ ባይቸኩል ይሻላል። ማታ ማታ የወንድ ድምፅ ይሰማል።»

«በስመ አብ!»

አክስቲቱ የቀረበላቸውን ጠላ ሳይጨርሱ ተነሥተው ሄዱ። ፋንታነሽ ሲመሻሽ ካርታውን በፌስታል ይዛ እማማ ከሰል ወደሚያያይዙበት በረንዳ ወጣች።

«እማማ፣ ወንድ የለም፤ የሚሰማው የኔ ድምፅ ነው። ይኸው፣ በዚህ ነው የምጫወተው። ታሪክ እየፈጠርኩ ብቻዬን አወራለሁ። የልጅ ነገር መሆኑን አውቃለሁ። አሁን እዚሁ አቃጥለዋለሁ፤ እርስዎ ብቻ ለሰዎቹ እውነቱን ይንገሩልኝ።»

እማማ ፌስታሉን ከእጇ ነጥቀው ጉያቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ፋንታነሽ እንዲህ ሲያፍሩ አይታቸው አታውቅም።

«ወንድ እንደሌለማ አውቃለሁ» አሉ መሬት መሬት እያዩ። «አግብተሽ ከሄድሽ የቀንዳሙን መጨረሻ ማን ይነግረኛል ብዬ ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ! ነገ ከቅዳሴ መልስ ሄጄ፣ ዋሽቻለሁ እላቸዋለሁ።»

ፋንታነሽ ካርታውን ሳትጠይቅ ወደ ክፍሏ ገባች። ያን ማታ ሁለቱም ክፍሎች ጸጥ ብለው አደሩ።

እሑድ ጠዋት፣ እማማ ገና ከቅዳሴ ሳይመለሱ፣ አንሙት በሩን አንኳኳ። ጃኬቱ በጤዛ ረጥቧል።

«አክስቴ ያለችውን አላመንኩም» አላት። «ሰው አለ የተባለው ውሸት ነው በይኝ። አንድ ቃል ይበቃኛል፤ ከዚያ በኋላ አልጠይቅሽም።»

ፋንታነሽ ሻይ ቤት ስለ ጡጦ ያለው ትዝ አላትና አንገቷን ደፋች።

«እውነት ነው» አለችው።