ሁለት መቶኛው ተማሪ

ኮሌጁ ሲከፈት አራት የቆርቆሮ ክፍሎች፣ አንድ የውሃ ቧንቧና አንድ የመዝገብ ሠራተኛ ነበሩት። ዛሬ ሠላሳ ስምንት ሺህ ተማሪ ያለው ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ያኔ የበቆሎ ማሳ የነበረው ቦታ ላይ ሆስፒታል ቆሟል። የመዝገብ ሠራተኛውም ዋና ሬጅስትራር ነው። ጡረታ ሊወጣ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ኦዲተሯ የመጀመሪያውን ዓመት መዝገብ አስወጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ሐሰተኛ ተማሪ የመዘገበ ሠራተኛ ለሕግ እንደሚቀርብ ያውቃሉ አይደል?»

«መመሪያውን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ።»

ጣቷ በየስሙ ወርዶ የመጨረሻው መስመር ላይ ቆመ። ከመዝገቡ ጋር የተሰፋውን የሚኒስቴሩን ደብዳቤም አነበበች፦ ተመዝጋቢው ከሁለት መቶ ካነሰ ኮሌጁ አይከፈትም።

«ሁለት መቶኛው ተማሪ አንድም ፈተና አልተፈተነም። አላቋረጠም፤ አልተባረረም። የት ገባ?»

«እዚሁ አለ።»

«ጋሼ፣ አይቀልዱብኝ እንጂ።»

«ምዝገባው እስኪዘጋ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። የመጡት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ነበሩ።»

ኦዲተሯ ስሙን እንደገና አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ ደረቱ ላይ የተንጠለጠለውን መታወቂያ አየች። ስሙ ከነአባቱ አንድ ነው። የብዕሯን ክዳን ነቀለች፤ ሳትጽፍ መልሳ ከደነችው።

ሪፖርቱ በአሥረኛው ቀን ደረሰው። ስለ መጀመሪያው ዓመት የተጻፈው አንድ መስመር ነበር፦ የተመዘገቡ፣ ሁለት መቶ፤ የደረሱበት ያልታወቀ፣ ዜሮ።