የባሕር ላይ አደራ

ቄስ መርስዔ ኀዘን «ወለተ ማርያም» ባሉ ቁጥር ሰገነት ቀና ብላ ታያቸዋለች። ዛሬ የእናቷ አርባ ነው። ከሐይቁ ዳር ባለው ቤተ ክርስቲያን፣ መቃብሩ ላይ ጸሎተ ፍትሐቱ ተጀምሯል፤ ነጠላ ያጣፋው ሕዝብ እስከ ዐጸዱ በር ሞልቷል። የሚጎድለው የእናቷ ስም ብቻ ነው።

ወለተ ማርያም የእማዬ ስም አይደለም። በቀብሯ ዕለት የክርስትና ስሟን የሚያውቅ ሰው ጠፋ። የክርስትና እናቷ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ደቅ ደሴት የነበሩት የንስሐ አባቷም ባለፈው ክረምት ዐርፈዋል። እሷ ራሷ አንደበቷ ቀድሞ ተይዞ ምንም ሳትናገር ሄደች። ቄሱ ጨነቃቸውና «ለጊዜው በእመቤታችን ስም እንጥራት፤ እግዚአብሔር የራሱን ያውቃል» አሉ። ሰገነት ግን ያ ሁሉ ጸሎት እንደ ስንቅ ተቋጥሮ የሌላ ሴት ደጃፍ የሚደርስ እየመሰላት እንቅልፍ አጥታ ከረመች።

የሚገርመው የሰውን ሁሉ ስም የምትሰበስበው እማዬ ነበረች። የሰገነት ወንድም ክንዱ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ፣ የሰፈሩ እናቶች የየልጆቻቸውን የክርስትና ስም በጆሮዋ ሹክ ይሏታል፤ እሷም ጎሕ ሳይቀድ ተነስታ አንድ በአንድ እየጠራች ትጸልይላቸዋለች። የቀበሌው ሊቀ መንበር እንኳ፣ ስብሰባ ላይ እግዜር የለም ሲል ውሎ፣ ወባ የጣለው ዕለት ሚስቱን ልኮ ስሙን አስነግሯል። እማዬ አልሳቀችበትም፤ ከዘማቾቹ ጋር አብራ ጠራችው። የራሷን ግን «መተተኛ እንዳይሰማው» ተብላ ከልጅነቷ ጀምሮ ደብቃው ኖረች።

ሰገነትም ጠይቃት አታውቅም። እናት እማዬ ነች፤ ሌላ ስም ያስፈልጋታል ብሎ ማን ያስባል? ጎረቤት «የሻሽወርቅ!» ብሎ ሲጣራ እንኳ ለሌላ ሰው ይመስላት ነበር። ምጥ የገባበት፣ ሬሳ የወጣበት፣ ባልና ሚስት የተጣሉበት ቤት ሁሉ በአጥር ላይ ይጣራል፤ እማዬ ነገሩ ምን እንደሆነ ሳትሰማ «አቤት» ትላለች፤ ነጠላዋንማ ከአቤቱ በፊት አንስታለች። ሰገነት ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈረቃዋን ጨርሳ ስትመለስ አሁንም አጥሩ ጋ ስትደርስ ቆም ብላ ያንን አቤት ትጠብቃለች። ናፍቆት ሰውን ጅል ያደርጋል።

«ሰገነት» አለቻት አንዲት ጎረቤት ከኋላዋ። «በሩ ላይ ሰው ይፈልግሻል።»

ከዐጸዱ በር ውጭ፣ ከዋርካው ሥር፣ እህል ነጋዴዋ ሸምሲያ ቆመዋል። የእናቷ የዕድሜ ልክ ጓደኛ ናቸው። ዓይናቸውን ሊታከሙ ጎንደር ከርመው፣ እንባ ያበላሸዋል ተብሎ መርዶው ተደብቆባቸው፣ የተረዱት ትናንት ከአውቶብስ ሲወርዱ ነው። አንዱ ዓይናቸው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ ሌላው የሁለቱን ድርሻ ያለቅሳል።

ተቃቅፈው ተላቀሱ። ከውስጥ የቄሱ ድምፅ «ወለተ ማርያም» ሲል ተሰማ። ሸምሲያ ቀና አሉ።

«ማንን ነው የሚጠሩት?»

«እማዬን ነው።»

«እሷንማ አይደለም። ወላሂ አይደለም። የሷማ ወለተ ሩፋኤል ነው።»

ሰገነት እጃቸውን እንደያዘች ቀረች። «እርስዎ በምን ዐወቁ?»

«ከደቅ ስንመለስ ነዋ ልጄ። እሷ ንስሐ አባቷን ጠይቃ፣ እኔ ጤፍ ሸምቼ። መካከል ላይ ማዕበል ተነሳና ጀልባዋን ውኃ ገባት። እኔ ዋና አውቃለሁ፤ እናትሽ አታውቅም። ምን አደረገች መሰለሽ? አንቀልባዋን ፈትታ አንቺን ከኔ ጀርባ አሰረችሽ። ከዚያ በጆሮዬ ስሟን ነገረችኝ። ‹እኔ ብቀር ልጄን አውጪልኝ፣ ስሜንም ለካህን ንገሪልኝ፣ አደራ› አለችኝ።»

ሰገነትን ቅናት ቢጤ ወጋት። ወዲያው ደግሞ በራሷ አፈረች።

«ባሕሩ ራራልን» አሉ ሸምሲያ። «ዳር ስንደርስ አንቺን ፈትቼ መለስሁላት። ስም ግን እንዴት ይመለሳል? እኔው ዘንድ ቀረ። ይኸው አደራ በላ ሆኜ ልቀር ነበር።»

«እንግዲያው እርስዎው ይንገሯቸው» አለች ሰገነት።

ዲያቆን ልካ ቄሱን አስጠራች። ቄስ መርስዔ ኀዘን የሚያነቡት ገጽ ላይ ጣታቸውን እንዳስገቡ እስከ በሩ መጡ። ሸምሲያ ሻሻቸውን አስተካክለው ጠጋ አሉና ስሙን እንደተቀበሉት በጆሯቸው ሰጧቸው። ቄሱም «እግዜር ይስጥልኝ፣ እመቤቴ» ብለው ተመልሰው ገቡና ጸሎቱን ከመጀመሪያው ጀመሩ። ድግሱን ዐይቶ የመጣ አንድ ሁለት ሰው አጉረመረመ።

ሰገነት ወደ ውስጥ አልተመለሰችም። በሩ ላይ ከሸምሲያ ጎን ቆመች።

«እግዚኦ፣ አዕርፍ ነፍሰ አመትከ ወለተ ሩፋኤል።»

ስሙ ለጆሮዋ እንግዳ ነው። ገና ማንንም ያልወለደች፣ ማንም እማዬ ብሎ ያልጠራት የአንዲት ልጅ ስም ይመስላል። ያችን ልጅ አለማወቋ ቆጫት። ቄሱ ደገሙት። ከሐይቁ ነፋስ መጥቶ ደንገሉን አንሿሿው፤ ከዚያ ዝም አለ። ሰገነት ጆሮዋን አቅንታ ጠበቀች።

ቄሱ እንደገና ሲጠሩ ሸምሲያ እጇን ጠበቅ አደረጉት። ሰገነትም ከአፏ አምልጧት «አቤት» አለች።